ቲማቲም «ነገ ና» አያውቅም!

«ነገ ና» በአገራችን ቢሮዎች ስንት ዘመን እንደኖረች የሚያውቅ አለ? ጃንሆይ ሄዱ፤ ደርግ ሄደ፤ ኢሕአዴግም ስሙን ቀይሮ ሄደ፤ «ነገ ና» ግን ወንበሯን ሳትለቅ ይኸው አለች። ባለጉዳይ ለምዷታል። ቡናም ቢሆን ይችላታል፤ ደርቆ፣ በጆንያ ተቋጥሮ፣ መጋዘን ውስጥ ወራት ይቀመጣል። ሰሊጥም ይችላታል። ቆዳ እንኳ በጨው ታሽቶ ይጠብቃታል። ቲማቲም ግን «ነገ ና» አያውቅም። ፎሶሊያ አያውቅም። እንጆሪማ ጭራሽ ስሟንም አልሰማም። ከተክሉ ከተቀነጠሰበት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓቱ ይቆጥርበታል፤ ማኅተም ያዥው ሻይ ሊጠጣ ቢወጣ፣ ኃላፊው ስብሰባ ቢገባ፣ ሲስተም የለም ቢባል አትክልቱ ይቅርታ አያደርግም፤ ይበሰብሳል።

ይህን ያስጻፈኝ በቅርቡ ወደ መቂ ወርጄ ያየሁት ነገር ነው። ከመንገዱ ዳር እንደ ቀይ ምንጣፍ የተደፋ ቲማቲም አየሁ። ላሞች ገብተውበታል። አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ላሞቹን አይከለክሉም።

«አባቴ፣ ምነው?» አልኳቸው።

«ምን ምነው አለው ልጄ?» አሉኝ። «ሳጥኑ ከቲማቲሙ በለጠ። ለለቃሚ ልክፈል፣ ለሳጥን ልክፈል፣ ለጫኝ ልክፈል፣ ደላላው ደግሞ የራሱን ይቁረጥ፤ አዲስ አበባ ደርሶ ሲሸጥ ለእኔ የሚተርፈኝ ዕዳ ነው። እንግዲህ ላሞቼ ይብሉት።»

«ለውጭ አገር የሚገዛ አልመጣም?»

«መጥቶ ነበር እንጂ። ናሙና ወሰደ፤ ወረቀት እስኪያልቅ ታገሡ አለን። ወረቀቱ ሲያልቅ ቲማቲሙም አለቀ።»

በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ስመለስ ከሰፈራችን ጉሊት ቲማቲም ልገዛ ጎንበስ አልኩ። ሴትዮዋ ዋጋውን ስትነግረኝ አንድ ኪሎ ያልኩትን ወደ ግማሽ ኪሎ ዝቅ አደረግሁት። መቂ ላም የጠገበበት ቲማቲም፣ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ መንገድ ማዶ የደመወዝተኛን ኪስ ያራቁታል! እንግዲህ ይህችን መንገድ በወጉ መሻገር ያቃተን ሰዎች ነን ሮተርዳም ድረስ እንሻገራለን ብለን በየስብሰባው የምናጨበጭበው።

መቼም የኢትዮጵያ ሕዝብ ስለ ኤክስፖርት ያልሰማው መፈክር የለም። ዕቅዱ ይነበባል፤ ሪባኑ ይቆረጣል፤ ቴሌቪዥኑ አረንጓዴ ማሳ ያሳየናል፤ ኃላፊው አቮካዶ በእጃቸው ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ከእርሻ ምርት የውጭ ምንዛሪውን ሸክም ዛሬም የሚሸከመው ቡና ነው። ፍራፍሬና አትክልት ገና ከዳር እንደቆመ ነው። ለምን?

እግዜር ያልሰጠን ነገር ስላለ አይደለም። ከቆላ እስከ ደጋ በአንድ ቀን ጉዞ የምንወጣና የምንወርድ ሕዝብ ነን። የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ የአሶሳ ማንጎ፣ የሲዳማ አቮካዶና አናናስ፣ የፎገራ ሽንኩርት፣ የሐረርጌ ድንች፣ የመርቲና የኑራ ኤራ ብርቱካን እያልን ስንቆጥር ያደግን ነን። አውሮፓ በበረዶ ሲሸፈን የእኛ ማሳ ፀሐይ ይሞቃል። ከቦሌ ተነሥቶ አውሮፓ ለመድረስ አንድ ሌሊት አይፈጅም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እየቆጠርኩ ነው) እንደ እኛ ላሉ ድሃ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ምርታቸውን ሁሉ ያለ ቀረጥ ለማስገባት በሩን ከፍቷል። በሩ ክፍት፣ መንገዱ አጭር፣ ፀሐዩ ሙሉ! ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎደለው ሰዓት ነው እላለሁ። ሰዓት የሚያከብር መንግሥትና ሰዓት የሚያስከብር አሠራር ነው የጎደለው።

«ኢትዮጵያዊ ሰዓት አያከብርም፤ ባሕላችን ነው» የሚል ሰው ካለ እኔ ጋ አይምጣ፤ ወደ አወዳይ ይሂድ። እስኪ የጫትን ነገር ተመልከቱ። ጫትን ለማመስገን አይደለም የማነሣው፤ ያደረሰብን ጉዳት ራሱን የቻለ ርዕሰ አንቀጽ ይወጣዋል። ነገር ግን ጫትም እንደ ቲማቲሙ ለጋ ቅጠል ነው፤ ካደረ ዋጋ የለውም። ሐረርጌ ላይ ተቆርጦ፣ ታስሮ፣ እንዳይጠወልግ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በዚያው ዕለት ጅቡቲና ሐርጌሳ ይገባል። መኪናው ሲበር መንገደኛ ጥግ ይይዛል። ማንም «ነገ ና» አይለውም። ለምን ቢሉ፣ ከቆራጩ እስከ ሾፌሩ፣ ከቀረጥ ሰብሳቢው እስከ ላኪው ድረስ ጫቱ በሰዓቱ ካልደረሰ የሁሉም ኪስ በዚያው ቀን ይጎዳል። ጥቅም ያለበት ሰዓቱን ያውቃል!

ስለዚህ አንችልም አይባልም። ጫት ላይ የቻልነውን ፎሶሊያ ላይ ያልቻልነው ፎሶሊያው ቢበሰብስ የሚጎዳው ገበሬው ብቻ ስለሆነ ነው። ማኅተም ያዥው ደመወዙ አይቆረጥም። ኬላ ጠባቂው አይጠየቅም። ደላላው ሌላ ማሳ አለው። ጉዳት ሁሉ ለአንድ ሰው፣ ሥልጣን ሁሉ ለሌላው! ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው የተቋጠረው።

ሁለተኛ ምስክር ልጥራ፤ አበባ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መንግሥት አበባን «እፈልገዋለሁ» አለ። ሲፈልግ ምን አደረገ? ለቦሌ ቅርብ የሆነ መሬት ሰጠ። ልማት ባንክ ከወጪው እስከ ሰባ በመቶ አበደረ። የግብር እፎይታ ተሰጠ። አየር መንገዱ ጭነቱን በሌሊት ያነሣ ጀመር፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ለሚበላሽ ዕቃ የሚሆን ቀዝቃዛ ክፍል ያለው ሁለተኛ የጭነት ተርሚናል ቦሌ ላይ አስመረቀ። ውጤቱ ታየ፤ ኢትዮጵያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ የአበባ ሻጭ ሆነች። ከአትክልት፣ ፍራፍሬና አበባ አንድ ላይ ከሚገኘው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚያመጣው አበባው ነው።

በአበባው ዙሪያ የተባለው ሁሉ ማር ነው ማለቴ አይደለም። የሠራተኛው ደመወዝ ነገር፣ የኬሚካሉ ነገር፣ የዝዋይ ሐይቅ ውሃ ነገር ገና ያልተዘጋ መዝገብ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ መንግሥት ሲፈልግ ያውቅበታል! ጽጌረዳን በሌሊት ቀዝቃዛ ክፍል አሳድሮ በአውሮፕላን የሚልክ አገር፣ የመቂውን ገበሬ ቲማቲም ላም ላይ ሲጥል ችሎታ አጣ አይባልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ጽጌረዳ ቀላልና ውድ ስለሆነች የአውሮፕላን ኪራይ ትችላለች። አቮካዶና ማንጎ ግን ከባድና ርካሽ ናቸው፤ አውሮፕላን ላይ ከጫንናቸው ኪራዩ ትርፉን ይበላዋል። በአየር የሚያዋጣው እንደ እንጆሪ፣ እንደ ፎሶሊያና ቅመማ ቅጠል ያለው ነው። የቀረው የግድ በባቡርና በመርከብ መሄድ አለበት። ለዚህ ደግሞ ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር ያስፈልጋል፤ ኮንቴይነሩ ከማሳው አጠገብ ካለ ቀዝቃዛ ክፍል ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ መርከብ ድረስ መብራት ሳይቋረጥበት መጓዝ አለበት። አቮካዶ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ሳምንታት ይቆያል። ቅዝቃዜው መንገድ ላይ አንድ ቀን ከተቋረጠ ግን የደረሰው አቮካዶ ሳይሆን ክስ ነው።

ባቡሩ አለ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. መስከረም ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ መደበኛ ሥራ ጀመረ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ለሚበላሽ ምርት የሚሆን የማቀዝቀዣ ማዕከል ለማቋቋም ከኔዘርላንድስ ጋር ስንት ጊዜ ተወራ፣ ስንት ጊዜ ተፈረመ። እሰየው ነው። ነገር ግን አያቶቻችን የድሮውን ባቡር ይዘው የሐረርጌን አትክልት ለጅቡቲ ሲያጓጉዙ ኖረዋል። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር አልነበረም፤ አማካሪ ድርጅት አልነበረም፤ የባቡሩ መነሻ ሰዓት ግን ነበረ።

አሁንም ቢሆን አትክልታችን የሚበዛው ወዴት ነው የሚሄደው? ወደዚያው ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ ነው። ይህን ገበያ የሚንቁ ባለሙያዎች ገጥመውኛል። አውሮፓ አውሮፓ ይላሉ። እኔ ግን ጎረቤትን መናቅ አይገባም ባይ ነኝ። ጅቡቲ ዝናብ የላትም፤ በየዕለቱ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን የምትበላው ከእኛ ነው። ቅርብ ነው፤ ቋንቋው ይገባናል፤ ደረጃ ቢጓደል ጭነቱን ባሕር ውስጥ አይጥሉብንም። ባሕር ማዶ ደግሞ የዓረብ አገሮች አሉ፤ ከእነሱም ውስጥ የራሳችን ልጆች ተሰማርተውባቸዋል፤ ቃሪያና ጎመን ፍለጋ የሚዞሩ። ይህን ሁሉ ገበያ በቅጡ ሳንይዝ ወደ ሮተርዳም መንጠራራት ከደጃፍ ያለውን ምንጭ ትቶ ወንዝ ፍለጋ እንደመሄድ ነው።

ምንጭ ካነሣን ዘንድ የሐሮማያን ነገር እንዴት እንረሳለን? ሐይቁ ለዘመናት የአካባቢውን አትክልት ሲያጠጣ፣ የሐረርን ከተማ ጥም ሲቆርጥ ኖሮ፣ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። ፓምፑ በዛ፤ ከብት ውሃ ይጠጣበት የነበረው ቦታ ሣር በቀለበት፤ መሬቱም ተሰነጠቀ። ከዓመታት በኋላ ውሃው መመለስ ጀምሮ ደስ ቢለንም ትምህርቱ አልጠፋም። ብዙ ሽጡ፣ ብዙ አምርቱ የሚል መፈክር ውሃውን ማን ይለካዋል ካላለ፣ ልጆቻችን የሚሸጡት አቧራ ይሆናል። ዝዋይ ዙሪያ ያላችሁ ሹማምንት፣ ይህችን አስምሩባት!

አሁን ደግሞ ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። ኬንያ ከእኛ የተሻለ አፈር የላትም። ብዙ አቮካዶዋ የሚመጣው ግን ከትልልቅ እርሻ ብቻ አይደለም፤ ጓሮው ውስጥ ጥቂት ዛፍ ካለው ተራ ገበሬ ነው። በሞምባሳ በኩል በመርከብ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ትኩስ አቮካዶዋን ለቻይና መሸጥ ጀመረች። እኔን የሚያስቀናኝ ሌላ ነገር ነው። ኬንያውያን በየዓመቱ ያልደረሰ አቮካዶ እንዳይለቀም የሚከለከልበትን ወር በአዋጅ ይናገራሉ። ገበሬው ቢቸኩል፣ ነጋዴው ቢስገበገብ ወቅቱ እስኪከፈት የመርከብ ጭነት የለም። ለምን? አንድ ስግብግብ ላኪ የላከው ጥሬ አቮካዶ የአገሩን ሁሉ ስም ስለሚያጠፋ። ስም ማለት ይህ ነው! እኛ አገር ደላላው ገና አበባው ሳይረግፍ ዛፉን ይገዛል፤ ጥሬውን በጆንያ ሞልቶ ከመኪና ላይ ይወረውራል፤ ከዚያ «ገበያ አጣን» ብለን ጉባኤ እንጠራለን።

ስለ ስም ካነሣሁ የመርዙንም ነገር ልናገር። የአውሮፓ ገዢ የእኛን ፎሶሊያ ከመግዛቱ በፊት ምን ተረጨበት ብሎ ይጠይቃል። የተለየ ወሰን ላልተቀመጠለት ፀረ ተባይ የሚፈቀደው ቅሪት በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ነው፤ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ ማለት ነው። የእኛ ገበሬ ግን መድኃኒቱን የሚገዛው ከገበያ፣ አንዳንዴም ስሙ በተፋቀ ጠርሙስ ነው። የሚያማክረው ሻጩ ነው። ሲረጭ ጓንት የለው፣ ጭንብል የለው። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ ወደ ውጭ ሲሄድ የሚጣለው ያ ቲማቲም እዚህ ስንበላው ምን ያደርገን ይሆን ብሎ የጠየቀ አለ? ለፈረንጅ ሆድ የሚደረግ ቁጥጥር ለእኛም ልጆች ሆድ ይጠቅማል።

ተባዩም እንዲሁ ነው። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ምሥራቅ ወለጋ ላይ ነጭ የማንጎ ተባይ ታየ። ዛሬ ስንቱን የማንጎ ዛፍ እንዳለበሰው የምዕራቡ ገበሬ ይናገር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ አገራችን ገባ፤ ቅጠሉን ቦርቡሮ፣ ፍሬውን ቀዳዶ ስንቱን ማሳ ባዶ አስቀረ። የኳራንታይን ሥራ የሚባለው ዋና ሥራው ይህን በር ላይ ማስቀረት ነበር። በር ጠባቂው ግን ቲማቲም የሚያወጣውን ላኪ በወረቀት ሲያንከራትት፣ ተባዩ ያለ ወረቀት ገባ። ተባይ «ነገ ና» አይባልም መሰለኝ!

ወደ ዶላሩ እንምጣ። ላኪ ለምን ሰነፈ ይሉናል። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ ላኪው ካመጣው ዶላር ሰባውን በመቶ ለብሔራዊ ባንክ፣ አሥሩን ለባንኩ አስረክቦ ሃያው ብቻ ይቀርለት ነበር። ዘሩን፣ ካርቶኑን፣ የማቀዝቀዣውን መለዋወጫ ከውጭ የሚያስመጣበትን ዶላር አስረክቦ፣ ዶላር ይሰጠኝ ብሎ ሰልፍ ይይዛል! በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ላኪውም ግማሹን እንዲይዝ ተፈቀደ። ይህ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ትችት ብቻ እንጂ ምስጋና አታውቁም እንዳንባል እንመዝግበው። ግን ብሩ ሲረክስ ማዳበሪያውም፣ መድኃኒቱም፣ ነዳጁም ተወደደ። ላኪው በዶላር ሲያገኝ ገበሬው በብር ይከስራል። የምንዛሪው ለውጥ የላኪውን ኪስ አስፍቶ መቂ ሳይደርስ ከቀረ ነገሩ ሁሉ «ላለው ይጨመርለታል» ነው።

መሬቱስ? ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ አቋማችንን ያውቃል፤ ቢሆንም ደግሜ እላለሁ። ጎመን በሁለት ወር ይደርሳል፤ የተዳቀለ አቮካዶ ግን ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ያፈራል። ነገ መሬቱ «ለልማት ይፈለጋል» እንደማይባል ማረጋገጫ የሌለው ገበሬ ለምን ብሎ ዛፍ ይተክላል? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር መፍቀዱ አንድ እርምጃ ነው። ባንኩ በሩን ይከፍትለታል ወይ? እሱን በተግባር እናያለን። ዛፍ የሚተከለው በመተማመን ነው፤ በዘመቻ የተተከለ በዘመቻ ይደርቃል።

ከሁሉ በላይ ሰላም። የጎጃሙ የቆጋ መስኖ ሰባት ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሃስ የሚባለው አቮካዶ ከዚያ ተለቅሞ አውሮፓ ደርሷል። ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ስልክና ኢንተርኔት ጠፋ። አቮካዶ ታጣቂና ወታደር አይለይም፤ የሚያውቀው መንገዱ መከፈቱንና መዘጋቱን ነው። በሌላውም አቅጣጫ ሾፌር በየኬላው «አምጣ» እየተባለ፣ አንዳንዴም ሕይወቱን እየገበረ ስንት ጭነት እንደዘገየ ሾፌሮቹን ጠይቁ። በዚያ ላይ ቀይ ባሕር ራሱ ታመሰ፤ ከ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወዲህ በመርከብ ላይ ጥቃት በመጀመሩ ብዙ መርከቦች አፍሪካን ዞረው ለመሄድ ተገደዱ፤ ጉዞው በሳምንታት ረዘመ። ቀይ ባሕርን ማስተካከል ላይቻለን ይችላል። ከባሕር ዳር ሞጆ ያለውን መንገድ ሰላም ማድረግ ግን የእኛ የቤት ሥራ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሕዝቡ ሳይጠግብ ለውጭ ይሸጥ ትላለህ እንዴ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ጉሊት ፊት ግማሽ ኪሎ የገዛሁ ሰው ነኝ። ግን ልብ በሉ፤ የመቂው ቲማቲም ላም የበላው ውጭ ስለተላከ አይደለም። ውጭም ሳይሄድ፣ እኔም ጋ ሳይደርስ ነው የጠፋው። ከተለቀመው አትክልትና ፍራፍሬ ሲሶ የሚያህለው አፍ ሳይደርስ እንደሚበላሽ ባለሙያዎች ሲናገሩ ኖረዋል። ቀዝቃዛው ክፍል ከማሳው አጠገብ ቢኖር ለጅቡቲ የሚሄደውም፣ ለአዲስ አበባ የሚመጣውም በዚያው ያድራል። መልኩ ለውጭ የማይመቸው ወደ ጭማቂና ድልህ ፋብሪካ ይገባል፤ ይርጋለም ላይ አቮካዶን ዘይት አድርገው ወደ ውጭ እንደሚሸጡት ማለት ነው። ጠብ የሚል ካለ ለሁለቱም ይበቃል፤ የሚያጣላን የሚበሰብሰው ነው።

የመንግሥት ድርጅት ይሥራው የሚል ካለ ደግሞ ኢትፍሩትን አስታውሳለሁ። በደርግ ዘመን የተቋቋመ ነው፤ በየሰፈሩ ሱቅ ነበረው፤ ብርቱካን በርካሽ ገዝተንበታል፤ ፎሶሊያም አውሮፓ ልኳል። በ2008 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ የኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ውስጥ ገባ። አትክልት ተራም ከፒያሳ ተነሥቶ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰበብ ጃንሜዳ ጭቃ ላይ ሰፈረ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተላከ። ድርጅቱም ገበያውም ሲዞር ሲንከራተት ኖረ፤ ገበሬው ግን ዛሬም ደላላው የነገረውን ዋጋ ነው የሚሰማው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጋዜጠኛ መውቀስ እንጂ መፍትሔ አያውቅም እንዳንባል የሚታየኝን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ከትልልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሪባን በፊት ትንንሽ ቀዝቃዛ ክፍሎች ከማሳው አጠገብ፣ በገበሬው ማኅበር እጅ ይሠሩ። መቂ፣ ባቱ፣ ፎገራ፣ አርባ ምንጭ፣ ሐሮማያ ይጀመር።

ሁለተኛ፣ የዕፅዋት ጤና ምርመራውና የጉምሩክ ወረቀቱ ጭነቱ ባለበት ቦታ በአንድ ቀን ይለቅ። በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ በር ላይ ይለጠፍ። ያዘገየ ሠራተኛ የዘገየበትን ምክንያት በስሙ ይፈርም። የሚበላሽ ጭነት የያዘ መኪና ኬላ ላይ እንዳይቆም ትእዛዝ ይውጣ፤ ያቆመ ይጠየቅ። ጉዳቱ የገበሬው ብቻ መሆኑ ይብቃ!

ሦስተኛ፣ በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ ወጥቷል። ይተግበር። ገበሬው ከመትከሉ በፊት ለማን፣ በስንት እንደሚሸጥ ይወቅ፤ ገዢ ሲከዳው የሚዳኘው አካል ቅርቡ ይሁን። ገበሬውም ዋጋ ሲወጣ ውሉን ጥሎ ለሌላ መሸጡን ይተው፤ ውል ለሁለቱም ነው።

አራተኛ፣ የአቮካዶና የማንጎ ልቀማ ወቅት ይታወጅ፤ የመድኃኒት ንግዱ ሥርዓት ይያዝ፤ ውሃው ይለካ።

ይህ ሁሉ ሰማይ መቧጠጥ አይደለም። አበባ ላይ አድርገነዋል። ጫት ላይ በየቀኑ እናደርገዋለን።

ከመቂ ከመለየቴ በፊት ሽማግሌውን አንድ ነገር ጠይቄያቸው ነበር። «ዘንድሮም ቲማቲም ይተክላሉ?» አልኳቸው። ላሞቻቸውን ተመለከቱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ መሬቱ ያውቀዋል። ውሃ ካገኘሁ እተክላለሁ። ለእኔ የሚያስፈልገኝ የሚገዛኝ ሰው መጥቶ፣ ያን ቀን ነው ያለኝ እንደሆነ ያን ቀን እንዲመጣ ነው።»

ያን ቀን ነው ካለ ያን ቀን እንዲመጣ! ሽማግሌው ከመንግሥትም፣ ከነጋዴም የጠየቁት ይህችኑ ብቻ ነው። እስከዚያው የመቂ ላሞች ቀለባቸው ቲማቲም ነው፤ የእኛም ዶላር በላም ሆድ ውስጥ ነው።

ቸር ይግጠመን።